ሳጅኑ እስኪደርስ፤ ስለ ኃይል አጠቃቀም በወጣው የአሜሪካ ፖሊሶች መሪ መርሖ ላይ የቀረበ ሒስ

በማርች ወር 2016 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋሺንግተን ከተማ የሚገኘው የፖሊስ ሥራ አስፈጻሚዎች የምርምር መድረክ የተባለ ማኅበር «ስለ ኃይል አጠቃቀም መሪ የሆኑ መርሖዎች» በሚል አርእስት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ 30 መርሖዎችን የያዘ ሲሆን፣ የአሜሪካን አገር ፖሊስ መሣሪያ የያዘ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው ሲያጋጥመው ነገሩን በተኩስ ሳይሆን በማብረድ እንዲፈጽመው የሚመክር ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ደግሞ ያው ማኅበር መርሖዎቹን ወደ ትምህርት የሚለውጥ፣ በአሕጽሮት «አይካት» የሚባል የማሠልጠኛ መምሪያ አወጣ። እነዚህን ሁለት ጽሑፎች አንብቦ የማያመሰግን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምስጋናው ከታተሙ ወዲህ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ላቀርበው የምፈልገው ጉድለታቸውን ነው። ጉድለታቸውም እንደ እኔ አስተያየት ያለው ስለ ሳጅኑ በተናገሩት ላይ፣ ይልቁንም ሳይናገሩ በተዉት ላይ ነው።

ሳጅን ስል በአሜሪካን አገር ፖሊስ ዘንድ ከተራው ፖሊስ ቀጥሎ ያለውን፣ በአንድ ፈረቃ ጥቂት የጥበቃ መኪናዎችን የሚመራውን የቅርብ አለቃ ማለቴ ነው። ከእርሱ በላይ ሌተናንትና ካፒቴን አሉ። ይሁን እንጂ ሌሊት «አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ መንገድ ላይ ይዞራል» የሚል ስልክ በተደወለ ጊዜ በአካል ሊደርስ የሚችለው የመጀመሪያው አዛዥ ሳጅኑ ነው። «ማብረድ» ስለሚለውም ቃል አንድ ነገር ልበል። ይህን ቃል የመረጥሁት ሌላ አጥቼ አይደለም። የፈላ ነገር የሚበርደው ከእሳቱ ላይ ሲወርድና ጊዜ ሲያገኝ ነው፤ ከእሳቱ ሳያወርዱ «ብረድ» ብለው ቢጮኹበት አይበርድም። የአሜሪካኖቹም ትምህርት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ከሰውየው መራቅ፣ ከለላ መያዝ፣ በዚህም ጊዜ ማግኘት።

የመጽሐፉን ዋጋ ለመገመት ከእርሱ በፊት የነበረውን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአሜሪካን አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በግራሃምና በኮነር ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ የፖሊስ ኃይል አጠቃቀም የሚመዘነው በዚያው ቦታ የተገኘ አስተዋይ ፖሊስ ሊያደርግ በሚችለው ሚዛን ነው እንጂ ነገሩ ካለፈ በኋላ ተቀምጦ በሚገኝ ጥበብ አይደለም አለ። ፖሊስ በቅጽበት መወሰን ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩንም አሳሰበ። (የጉዳዩ ባለቤት ግራሃም መሣሪያ የያዘ ወንጀለኛ አልነበረም። የስኳር በሽታ ያለበት፣ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ስላነሰው የብርቱካን ጭማቂ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ፣ ሰልፉ ረዥም ስለ ሆነበት ፈጥኖ የወጣ ሰው ነበር። ስሙን ከሚጠሩት የሕግ ሰዎች ይህን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።) ከዚያ ወዲህ አንዳንድ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ነገሩን ይበልጥ አጠበቡት፤ መመርመር ያለበት አደጋው የተደቀነበት ያ አንድ ቅጽበት ብቻ ነው ማለት ጀመሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አስተያየት በሜይ 2025 በባርንስና በፌሊክስ ጉዳይ በአንድ ድምፅ ሽሮታል፤ ከተኩሱ በፊት የሆነውም ሁሉ ይታያል ብሏል። ነገር ግን ፖሊሱ አደጋውን ራሱ የፈጠረው እንደ ሆነ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ ሳይፈታው አልፏል።

ይህን ያህል ስለ ሕጉ የተናገርሁት በከንቱ አይደለም። የሕጉ ዓይን ያረፈው በአንድ ሰውና በአንድ ቅጽበት ላይ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ውስጥ ደግሞ ሳጅን የለም። የሳጅኑ ሥራ ያለው ከቅጽበቱ በፊት ባሉት አምስትና አሥር ደቂቃዎች ነው። እንግዲህ ሕጉ ለረዥም ዘመን ያላየውን ሰው፣ ከሕጉ በላይ እንሄዳለን ብሎ የተነሣ መጽሐፍ ሊያየው ይገባ ነበር።

መጽሐፉ በእርግጥ ከሕጉ በላይ ሄዷል። የመጀመሪያው መርሖ የሰው ሕይወት ክብር የፖሊስ ሥራ ሁሉ እንብርት መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ መጠን አልፈው መሄድ እንዳለባቸው ያስረዳል። ከመታተሙ በፊት በኖቬምበር 2015 የአሜሪካን ፖሊስ አዛዦች ወደ ስኮትላንድ ሄደው፣ ቱሊያለን በሚባለው የፖሊስ ኮሌጅ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ የሌለው ፖሊስ ቢላዋ የያዘን ሰው እንዴት እንደሚይዝ ተመልክተዋል። ከብሪታንያም ፖሊሶች በአምስት እርምጃ የሚሄድ የውሳኔ ሥርዓት ወስደዋል። ፖሊሱ መረጃ ይሰበስባል፤ አደጋውን ይመዝናል፤ ሥልጣኑንና ደንቡን ያስባል፤ አማራጮቹን ለይቶ የተሻለውን ይመርጣል፤ አድርጎም እንደ ገና ይመረምራል። ስኮትላንድ ሽጉጥ የማይበዛባት አገር ስለ ሆነች ለአሜሪካ አርአያ ልትሆን አትችልም የሚል መቃወሚያ ወዲያው ተነሥቶ ነበር። መቃወሚያው ግማሽ እውነት ነው። መምሪያው ራሱ ግን የሚናገረው ባዶ እጁን ስላለ ወይም ከጠመንጃና ከሽጉጥ ሌላ መሣሪያ ስለያዘ ሰው ነው፤ ቢላዋ ደግሞ በግላስጎም በቺካጎም ያው ቢላዋ ነው።

ስለ ሳጅኑ መምጣት የሚናገረው ከ30ዎቹ መርሖዎች አንዱ ነው። መሣሪያ ያለበት ጥሪ ሲመጣ፣ አእምሮው የታወከ ሰው ሲኖር፣ ወይም ጥሪውን የሚያስተላልፈው የሬዲዮ ሠራተኛ ነገሩ ወደ ከባድ ኃይል ሊያመራ ይችላል ብሎ ሲሠጋ፣ የቅርብ አለቃው በአስቸኳይ ወደ ቦታው ይሂድ ይላል። ይህ መልካም ነው። ሳጅኑን የሚያስነሣው የራሱ ፈቃድ ወይም የበታቾቹ ልመና ሳይሆን የጥሪው ዓይነት እንዲሆን አድርጓልና። ነገር ግን ይሂድ አለ እንጂ ሄዶ ምን እንደሚሆን በሚገባ አልተናገረም። ከመድረሱ በፊት ስላሉት ደቂቃዎች የሚለው ደግሞ ይበልጥ ጥቂት ነው። ባልንጀሮቼ ይህን ስነግራቸው «ዝርዝሩ የሥልጠና ጉዳይ ነው» ብለውኛል። የሥልጠናውን መምሪያ ባየው ደግሞ የተጻፈው ይልቁን ለተራው ፖሊስ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በኦክቶበር 20 ቀን 2014 ሌሊት በቺካጎ ከተማ፣ ፑላስኪ በሚባለው ጎዳና አቅራቢያ፣ አንድ ሰው የቆሙ የጭነት መኪናዎችን ይሰብራል የሚል ጥሪ መጣ። የደረሱት ሁለት ፖሊሶች ላኳን ማክዶናልድ የሚባል የ17 ዓመት ወጣት ሰንጢ ይዞ አገኙት። ሰንጢውን ጣል ቢሉት አልጣለም፤ ወደፊት መሄዱን ቀጠለ። አንደኛው ፖሊስ በእግሩ፣ ሌላው በመኪና ሆነው ተከተሉት፤ ቴዘር የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘው መሣሪያ እንዲመጣላቸውም በሬዲዮ ጠየቁ። በመካከሉ ወጣቱ የመኪናቸውን ጎማ በሰንጢው ወጋ፤ ይህም ሆኖ አልተኮሱም። ከሁለቱ አንዱ በኋላ በ2018 በፍርድ ቤት ሲመሰክር ቴዘሩ እስኪደርስ ጊዜ ለመግዛት ይሞክሩ እንደ ነበር ተናግሯል። ከዚያ ሌሎች መኪናዎች ደረሱ። ከመጡት ፖሊሶች አንዱ ቦታው ከደረሰ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ፣ ከመኪናው በወረደ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ፣ 16 ጥይት ተኮሰበት። የመኪናው ካሜራ የቀረጸው ትዕይንት ከአንድ ዓመት በኋላ በኖቬምበር 2015 ለሕዝብ ሲታይ ወጣቱ ከፖሊሶቹ ራቅ እያለ ይሄድ እንደ ነበር ታየ። ተኳሹም በኦክቶበር 2018 በሁለተኛ ደረጃ የነፍስ ግድያና በእያንዳንዱ ጥይት በ16 የከባድ ድብደባ ወንጀል ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የሚናገረው ስለ ተኳሹ ልብ፣ ስለ ዘርና ስለ ጥላቻ ነው፤ ይህም ሊነገር የሚገባው ነው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር አለ። በዚያ ጎዳና ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት እቅዶች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች እቅድ «እንከተል፤ አንቅረብ፤ ቴዘር ይምጣ» የሚል ነበር፤ ይህም መጽሐፉ ገና ሳይጻፍ መጽሐፉ የሚያዝዘውን በልባቸው የያዙ ሰዎች እቅድ ነው። በኋላ የመጣው ሰው ይህን እቅድ አልተቀበለም፤ አድራጎቱ የራሱ ነበር። የሁለቱን እቅዶች ማዕርግ የሚለይ፣ «የመጀመሪያው እቅድ የሁላችሁም እቅድ ነው፤ አዲስ የምትመጡ መኪናዎች ከዚህ ወዲህ አትለፉ» የሚል ድምፅ አስፈላጊ ነበር። ተራ ፖሊስ ለተራ ፖሊስ ይህን ሊያዝዝ አይችልም። ሊያዝዝ የሚችለው ሳጅን ነው፤ ለማዘዝም ቦታው ድረስ መምጣት አያስፈልገውም፤ ሬዲዮ በእጁ ነው።

የሚያሳዝነው፣ በዚህ ጉዳይ ሳጅን ከቶ አልታየም ማለት አይደለም። ታይቷል፤ የታየው ግን ከተኩሱ በኋላ፣ በወረቀቱ ላይ ነው። በጁላይ 2019 የቺካጎ ፖሊስ ቦርድ አራት ሰዎችን ከሥራ ሲያሰናብት ከእነርሱ አንዱ፣ ፖሊሶቹ በወጣቱ እንደ ተጠቁ የሚናገረውን ሐሰተኛ ሪፖርት ያጸደቀው ሳጅን ነበር። ቀድሞ ሊሠራው የሚገባው ሥራ በጎዳናው ላይ ሳይሠራ ቀረ፤ የኋላው ሥራ ደግሞ እውነትን በመሸፈን ተሠራ። እንደ እኔ ግምት ይህ የአንድ ሰው ክፋት ብቻ አይደለም። የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሳጅኑን በዋናው ነገር ሪፖርት ፈራሚ አድርጎ ካሳደገው፣ ሪፖርት ፈራሚ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ጋር በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት በካምደን ከተማ በኖቬምበር 2015 የሆነውን ማነጻጸር ይቻላል። እዚያም አንድ ሰው ከምግብ ቤት ወጥቶ ቢላዋ እያወዛወዘ በጎዳና ሄደ። ፖሊሶቹ ዙሪያውን በሰፊው ከበቡት፤ እርሱ ሲሄድ ሄዱ፤ እርሱ ሲቆም ቆሙ። ከፊታቸው ያለውን መንገድ ከመኪናና ከሰው እያጸዱ እንደዚህ ብዙ መንገድ አብረውት ተጓዙ፤ በመጨረሻም ያለ አንድ ጥይት ተያዘ። ትዕይንቱን የተመለከትሁት ብዙ ጊዜ ነው። ሲያዩት ጀግንነት የሚመስል ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ያሰለቻል። ነገር ግን አሥር የሚሆኑ የታጠቁ ሰዎች ቅርጻቸውን ሳያበላሹ፣ አንዱ ካንዱ ሳይቀድም፣ በአንድ ፍጥነት ከአንድ ሰው ጋር መራመዳቸው በአጋጣሚ የሚገኝ አይደለም። መጽሐፉ ካምደንን ለአርአያነት ሲያነሣ ስለ ፖሊሶቹ ትዕግሥት ይናገራል። ትዕግሥቱ ግን የአሥር ሰዎች የየግል ትዕግሥት ቢሆን ኖሮ ከአሥሩ የአንዱ ማለቁ አይቀርም ነበር። በቺካጎ ያለቀው የአንዱ ነው።

ወደ ሬዲዮው ልመለስ። በኖቬምበር 22 ቀን 2014 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ በመናፈሻ ውስጥ ሽጉጥ የያዘ ሰው እንዳለ ተናገረ፤ ሽጉጡ ምናልባት ሐሰተኛ፣ ሰውየውም ምናልባት ልጅ ሊሆን እንደሚችል ጨመረ። እነዚህ ሁለቱ «ምናልባቶች» ለፖሊሶቹ አልተነገሩም። ፖሊሶቹ መኪናቸውን ልጁ አጠገብ ድረስ ነድተው አቆሙት፤ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተመታ። የያዘው የመጫወቻ ሽጉጥ ነበር። እዚህ ላይ «ሳጅኑ በአስቸኳይ ይድረስ» የሚለው መርሖ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ሁለት ሴኮንድ ለማንም አይበቃም። ነገር ግን መኪናው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ያሉት ደቂቃዎች ይበቃሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች አንድ አለቃ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ይኸውም «ደዋዩ በትክክል ምን አለ? መኪናውስ የት ይቆማል?» ቢል ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። የስልክ ተቀባዩ የሰማው ነገር ወደ ፖሊሱ ጆሮ ሲሄድ በመካከሉ የሚጠፋ ቃል አለ፤ ያን ቃል ፈልጎ ማግኘት የማን ተግባር እንደ ሆነ ካልተወሰነ የማንም አይሆንም። እኔ ብጽፈው ኖሮ መርሖው የሚጀምረው ከሳጅኑ መድረስ ሳይሆን ከሳጅኑ መጠየቅ ነበር።

ከሁሉ የበለጠው የሳጅኑ ሥልጣን ግን፣ ስለ እርሱም ጥቂት ብቻ የተጻፈው፣ ጊዜ የመስጠት ሥልጣን ነው። መምሪያው ፖሊሱን «ጊዜ ውሰድ» ይለዋል። ጊዜው የማነው? ተራው ፖሊስ በመኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ጥሪዎች ተደርድረው ያያል። ሬዲዮው «ጨርሰሃል ወይ?» ይለዋል። መንገዱ ተዘግቶ የተቆጡ ባለመኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ። ይህ ሁሉ ሳለ ከዛፍ ጀርባ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ከአንድ የተቆጣ ሰው ጋር እንዲነጋገር ይነገረዋል። የሌለውን ነገር ውሰድ ማለት ነው። «ሌሎቹን ጥሪዎች ለሌሎች ሰጥቻለሁ፤ እስኪነጋ ብንቆምም ግድ የለም» ሊል የሚችለው ሳጅኑ ብቻ ነው። እፍረትም አለ። «ወደ ኋላ በል» የሚለው ቃል ከባልንጀራ አፍ ሲወጣ ፈሪነት ይመስላል፤ ከአለቃ አፍ ሲወጣ ግን ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ የፈጸመ ሰው አያፍርም። የአሜሪካኖቹ ጽሑፍ ስለ ፖሊሱ ፍርሃት በሰፊው ሲያትት ስለ እፍረቱ ያለው እጅግ ትንሽ ነው። ምናልባት ይህን እኛ ከእነርሱ ይልቅ በቀላሉ እናየው ይሆናል፤ በጓደኞቹ ፊት ላለማፈር ሲል ሊመለስ ከሚችልበት ጠብ ያልተመለሰ ሰው ያላየ ማን አለ?

የሚገርመው ደግሞ ይህ ዕውቀት ለአሜሪካኖቹ አዲስ አለመሆኑ ነው። በኦገስት 1972 በብሩክሊን አንድ ባንክ ውስጥ የተያዙ ታጋቾች ጉዳይ፣ ከእርሱም በኋላ በሴፕቴምበር በሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ የደረሰው እልቂት፣ የኒው ዮርክን ፖሊስ አስደንግጦ ነበር። በጃንዋሪ 1973 በብሩክሊን በአንድ የስፖርት ዕቃና የመሣሪያ መሸጫ ሱቅ የገቡ ዘራፊዎች ታጋቾች ይዘው 47 ሰዓት ከፖሊስ ጋር ተፋጠጡ። በመጀመሪያው ላይ አንድ ፖሊስ ተገደለ፤ ፖሊሱ ግን በበቀል አልገባም፤ ጠበቀ። ታጋቾቹ በጣራው በኩል አመለጡ፤ ዘራፊዎቹም እጃቸውን ሰጡ። የሥነ ልቡና ዶክተር የነበረው መርማሪ ፖሊስ ሃርቪ ሽሎስበርግና ባልደረባው ፍራንክ ቦልዝ በዚያው ዓመት የተደራዳሪዎችን ቡድን አቋቋሙ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣው ታላቁ ደንብ፣ የሚያዝዝ አይደራደርም፤ የሚደራደርም አያዝዝም የሚለው ነው። ምክንያቱ ጥልቅ ነው። ተደራዳሪው «ይህን ለአለቃዬ ልጠይቅ» ሊል ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ያገኛል። አዛዡ ግን ራሱ የሚነጋገር ከሆነ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ እሺ ወይም እንቢ ማለት ግድ ይሆንበታል።

ይህ ደንብ ለታላላቅ ከበባዎች ተጠብቆ ሲቀር፣ በየሌሊቱ ለሚያጋጥመው ቢላዋ የያዘ ሰው ግን አልወረደም። መርሖው ሳጅኑን ወደ ቦታው ይልከዋል፤ ከደረሰ በኋላ ተናጋሪ ይሁን አዛዥ ይሁን አይለይለትም። ያልተነገረው ሳጅን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። እርሱም መሣሪያውን መዝዞ ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋል፤ እርሱም «ጣለው!» እያለ ይጮኻል። አራት የነበረው ጩኸት አምስት ሆነ ማለት ነው፤ አእምሮው የታወከውም ሰው አንዱንም አይሰማም። ሳጅኑ ሲደርስ መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ መቆምና ማን ይናገር፣ ማን ገዳዩን መሣሪያ ይያዝ፣ ማን የማይገድለውን ይያዝ፣ ማን ለመያዝ ይዘጋጅ ብሎ መመደብ ነው። የቀረው ሁሉ ዝም እንዲል ማዘዝም አለበት። የሳጅኑ ጥቅም ከራሱ መሣሪያ ይልቅ በነጻ እጁና በነጻ ዓይኑ ላይ ነው።

መጽሐፉ ሲወጣ የፖሊስ አዛዦች ዓለም አቀፍ ማኅበርና የፖሊሶች የወንድማማችነት ማኅበር ተቃውመውት ነበር። ከሕገ መንግሥቱ በላይ የሆነ መመዘኛ ፖሊስን ያመነታዋል፤ ማመንታትም ያስገድለዋል የሚል ነበር ክርክራቸው። ከ1983 ጀምሮ የሶልት ሌክ ሲቲው ፖሊስ ዴኒስ ቱለር የጻፈው ጽሑፍም ከዚሁ ጎን ይጠቀሳል፤ ቢላዋ የያዘ ሰው 21 ጫማ ያህል ርቀት ሮጦ እስኪደርስ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ የሚበቃው ጊዜ ብቻ ነው ያለው የሚል ነው። ይህ ልኬት እንደ አካላዊ ሐቅ ጠቃሚ ነው። ችግሩ ከጊዜ በኋላ በብዙ ፖሊሶች አእምሮ ውስጥ የመተኮሻ ፈቃድ ወደ መሆን መለወጡ ነው፤ መጽሐፉም ይህን ማጋለጡ ከመልካም ሥራዎቹ አንዱ ነው። ነገር ግን መልሱ ለግለሰቡ ፖሊስ ብቻ ተሰጠ። ቱለር እውነት ከተናገረ፣ 21 ጫማ ውስጥ ያለ ፖሊስ ሊያስብ አይችልም፤ ስለዚህ ከእርሱ ርቆ የቆመ ሌላ ሰው ሊያስብለት ይገባል። የተቃዋሚዎቹ የተሻለው ክርክር በራሱ ወደ ሳጅኑ ይመራል፤ ይህን ግን መጽሐፉም ተቃዋሚዎቹም አላነሡትም።

ለአይካት ተከራካሪዎች ዋና ማስረጃ የሚሆነው በኬንታኪ በሉዊቪል ከተማ የተደረገው ጥናት ነው። የከተማው የፖሊስ ክፍሎች በተራ በተራ ሠልጥነው ውጤቱ ሲመዘን የኃይል አጠቃቀም በ28 በመቶ፣ የዜጎች መቁሰል በ26 በመቶ፣ የፖሊሶች መቁሰል ደግሞ በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ፖሊሱ ያመነታል፤ ይሞታል ለሚሉት ይህ የመጨረሻው ቁጥር በቂ መልስ ነው። ሆኖም ቁጥሮቹ ማንኛውንም የኃይል አጠቃቀም የሚቆጥሩ ስለ ሆኑ ስለ ታጠቁ ሰዎች ብቻ ተለይተው የሚነግሩን ነገር ውሱን ነው። የሥልጠናው ኃይልና የሳጅኑ ኃይልም በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተለይተው አይታዩም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ «ቀስ በል» የሚል ነው። ቀስ ማለት የሚገድልበት ጊዜም አለ። በሜይ 24 ቀን 2022 በቴክሳስ በኡቫልዲ ከተማ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 19 ልጆችና 2 መምህራን ገደለ። በመጨረሻ ቦታው ላይ የተሰበሰቡት ፖሊሶች 376 ያህል ነበሩ፤ የገቡት ግን ከ77 ደቂቃ በኋላ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው ዋናው ስሕተት፣ እየገደለ ያለን ሰው በክፍል ውስጥ ተዘግቶ እንደተቀመጠ ሰው አድርገው መቁጠራቸው ነው። ከሁሉ በላይ ሆኖ ትእዛዝን የያዘ ሰውም አልነበረም። ከኮለምባይን እልቂት ማለት ከ1999 ወዲህ፣ ታጣቂ እየገደለ ሳለ ማንንም ሳይጠብቁ መግባት የታወቀ ደንብ ሆኖ ሳለ ነው ይህ የሆነው።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የማብረድ ትምህርት ፖሊሱን አልፈሰፈሰው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። በቺካጎ መቸኮል፣ በኡቫልዲ መዘግየት የደረሰው ከአንድ ምንጭ ነው። ይህ የትኛው ዓይነት ነገር ነው ብሎ የሚሰይም ሰው አልነበረም። ሰንጢ ይዞ በጎዳና የሚሄድ ወጣት አንድ ነገር ነው፤ በሩን ዘግቶ የሚተኩስ ሰው ሌላ ነገር ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለወጥም በድምፅ መነገር አለበት። መጽሐፉ የውሳኔውን ሥርዓት ሲዘረዝር ፖሊሱ ራሱ «እንደ ገና ይመርምር» ብሎ ይተወዋል። አንድ ሰው በልቡ እንደ ገና ቢመረምር ሌሎቹ አያውቁም። «ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ተለውጧል» ብሎ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማሳወቅ የአዛዥ ሥራ ነው፤ በ2016ቱ መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ አንድ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

የቀረችኝ ትንሽ የምትመስል ነገር የቁጥር ጉዳይ ናት። መርሖው «በአስቸኳይ» ይላል። ቺካጎ ከማክዶናልድ ጉዳይ በኋላ በ2019 በፍርድ ቤት ቁጥጥር ስር ስትገባ የተዋዋለችው ስምምነት አንድ ሳጅን ከ10 የማይበልጡ ፖሊሶችን እንዲመራ ይወስናል፤ የሚመራቸውም ሁልጊዜ የራሱ ሰዎች እንዲሆኑ ያዝዛል። ይህ የአስተዳደር ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ሃያ ፖሊሶች በሰፊ ክልል የተበተኑበት ሳጅን የቱንም ያህል ቢነዳ በአስቸኳይ ሊደርስ አይችልም፤ የማያውቃቸውን ሰዎችም በሬዲዮ በስማቸው ጠርቶ «አንተ ተናገር፤ አንተ ዝም በል» ሊል አይችልም። በአንዱ ቅዳሜ ሌሊት፣ በክልሉ ሁለት ጫፎች፣ ቢላዋ የያዙ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢገኙ ወደየትኛው ይሄዳል? ያልሄደበትንስ ለማን ይሰጣል? ይህን ጥያቄ ይዤ 30ዎቹን መርሖዎች ሁለት ጊዜ አነበብኋቸው፤ መልሱን አላገኘሁም።